ፍሬሿ እናቴ

እናቴን ኮሌጅ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ጣጣም ሆነ ለመጣው ደስታ መነሻዋ እኔ ዳናይት ነኝና፣ ታሪኩን ማውራት የሚያምርብኝም እኔው ነኝ።

እናቴ ማዕዛ ትባላለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሩዋንዳ ሰፈር ያለውን የእንግዳ ማረፊያችንን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ ይዛለች። ሠራተኛ ይፈራታል፣ እንግዳ ይወዳታል። ማትሪክ በጥሩ ውጤት ያለፈችው አዲግራት ሳለች ነበር፤ በዚያው ሰሞን ለአባቴ ተዳረች፣ አዲስ አበባ መጣች፣ እኔ ተወለድኩ፣ ትምህርቱ በዚያው ቀረ። አንድም ቀን ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። አምና እኔ የተመረቅሁ ለት ግን ጋዋኔን ከአልጋዬ ላይ አንስታ ለበሰችና መስታወት ፊት ቆመች። "ያምርብኝ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አርባ ሦስት ዓመት ምን አላት? ሳልውል ሳላድር ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ ኮሌጅ፣ የማታው ክፍል አስመዘገብኳት።

ለአጎቴ ለኣምደሚካኤል እንዳልነግረው ግን አስማለችኝ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ደግ ሰው ነው፣ ግን "ሰው ምን ይላል?" ሳይል ውሃ አይጠጣም።

ትምህርት በሚጀመርበት ዋዜማ አልጋዋ ላይ አስቀምጬ መምከር ጀመርኩ። አራት ዓመት የበላሁት የግቢ ሽሮ ለዚህ ቀን ካልጠቀመኝ ለመቼ ሊሆን ነው!

"ስሚ እማዬ፣ ከኋላ እንዳትቀመጪ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚማረው ቲክቶክ ነው።"

"ከፊት ተቀምጬ መምህሩ ቢጠይቀኝስ?"

"ይጠይቅሽ! መልሱን እያወቅሽ ዝም እንዳትዪ። እጅሽን አውጪ።"

"በዚህ ዕድሜዬ እጅ ላወጣ?" አለችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው፣ ከአሁኑ የጠየቋት ይመስል።

"ታወጫለሽ። የግሩፕ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ከሚያወራ ሳይሆን ከሚሠራ ሰው ጋር ግቢ። ለቀረ ሰው አቴንዳንስ አትፈርሚ፤ ደግነትሽን ካወቁ ክፍሉን ሁሉ ስትፈርሚለት ትኖሪያለሽ። ሀንዳውት ባየሽ ቁጥር ኮፒ አታስደርጊ፣ የሚያስፈልገውን ሲኒየሮች ያውቁታል፣ ጠይቂ። ያልገባሽን የዚያኑ ሰሞን ተረጂው፣ ለፈተና ሳምንት አታጠራቅሚ። ቤት ስትገቢ ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ባለቤትነትሽን ተዪና አጥኚ። አንሶላ ሳይቀየር ቢያድር የሚሞት ሰው የለም።"

"ይሞታል" አለች እናቴ። ስትናደድም ስትጨነቅም አንሶላ መቀየር ልማዷ ነው።

"የመጨረሻው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፦ አንደኛ ዓመት ላይ ፍቅር የሚባል ነገር የለም! ፍሬሽ ሆኖ ፍቅር የጀመረ ሰው ውጤቱ ቁልቁል ነው።"

"ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!" ብላ በትራስ መታችኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ!

* * *

ምክሬን ሁሉ ተቀበለች፣ ከሁለቱ በቀር።

የመጀመሪያው እጅ ማውጣቱ ነው። ሎጂክ የሚባለው ትምህርት ላይ መምህሩ ሲጠይቅ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ እጇ ግን አይነሳም። ለራሷ በሹክሹክታ ትለዋለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ሰው ይሰማታል። አንድ ቀን ይሄ ሰው እጁን አወጣና መልሱን ተናገረ፤ መምህሩ "ጎበዝ!" ሲለው ደግሞ ብድግ ብሎ፣ "ይህን ያሉት ወይዘሮ ማዕዛ ናቸው። እኔ ያዋስኳቸው እጄን ብቻ ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ቤት መጥታ ስታወራልኝ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

ሰውየው ገብረየስ ይባላል። ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምላቸው፣ እዚህ ግን የፍቅር ታሪክ ነውና "እሱ" ልበላቸው። ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት መኪና የሚጠግን ሰው ነው። ጎሮ ተከራይቶ ይኖራል። ታናናሾቹን አስተምሮ፣ ድሮ፣ ኩሎ ሲጨርስ ዕድሜው ሃምሳ ሊደፍን ትንሽ ቀረው፤ እሱ ራሱ ሳያገባም ሳይማርም። "አሁን ተራው የኔ ነው" ብሎ ተመዘገበ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ምድር ቤቱ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ማጥናት ጀመሩ። ሒሳቡን የማስረዳቸው እኔ ነኝ። እናቴ ቶሎ ይገባታል። ገብረየስ ግን ሁልጊዜ ፈገግ ብሎ፣ "ዳናይት፣ እስቲ ይቺን ድገሚልኝ" ይለኛል። እደግምለታለሁ። "አንዴ ብቻ፣ ልጄ" ይላል። አሁንም እደግምለታለሁ። እናቴ ደብተሯን ስታይ እሱ እሷን ያያል፣ እሷ ቀና ስትል እሱ ደብተሩ ላይ ይደፋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ግድግዳው ላይ በሰቀልኳት ሰሌዳ ስጽፍ ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። ጠርጥሬ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ለእኔ እናቴ እናቴ ብቻ ነበረች።

* * *

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ሳታወልቅ ቀረች። ሳሎኑን ራሷ ወለወለችው። አጎቴን ጠርታው ኖሮ እሱም ከነከዘራው መጣ።

"ማን ነው የሚመጣው?" አልኳት።

"ሰዎች ናቸው። ሲመጡ ትሰሚያለሽ" አለች። ዓይኖቿ ያበሩ ነበር። የአበባ ማስቀመጫውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ኣክሊሉ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጎሮ የገብረየስ አከራይ። አጎቴ "ተቀመጡ እንጂ" ሲላቸው ሦስቱም እንደ ቆሙ ቀሩ።

"የመጣንበት ሳይሰማ፣ መልሱም ሳይታወቅ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ኣክሊሉ። እንዲህ ሲባል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔ ለስላሳ በትሪ ይዤ በሩ ላይ ቀጥ አልኩ።

ጋሽ ኣክሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞር ብለው ወደ እኔ አዩ፣ እጃቸውንም ወደ እኔ ዘረጉ። "ይቺን የመሰለች ልጃችሁን ለልጃችን ለገብረየስ ልንለምን ነው የመጣን።"

ትሪውን እንዴት እንዳልጣልኩት አላውቅም። እናቴን አየኋት። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል። የቀሚሷን ጥለት በጣቶቿ ጨብጣለች።

"ልጁ ዕድሜው ስንት ነው?" አለ አጎቴ።

ጋሽ ኣክሊሉ ጭንቅላታቸውን አከኩ። "ሃምሳ ሊደፍን ነው።"

"ሃምሳ!" አጎቴ ከዘራውን መሬት ላይ መታው። "ለዚች ልጅ?"

"እኛም ስንመጣ መኪና ውስጥ ይሄንኑ ስንል ነበር" አሉ ሽማግሌው በትሕትና። "ግን ጨዋ ሰው ነው፣ እምቢ ልንለው ከበደን።"

"ተማክረን እንልክባችኋለን" አላቸው አጎቴ። አባባሉ ግን የሚላክ ነገር እንደሌለ ያስታውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ።

እናቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የታጠበ ብርጭቆ።

"እማዬ፣ በማርያም፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድም ነገር የለኝም!"

"አውቃለሁ፣ ጓለይ" አለች። ሆድ ሲብሳት በትግርኛ ነው ልጄ የምትለኝ። "አንቺ ምን አደረግሽ። ሁልጊዜ 'ዳናይት፣ ድገሚልኝ' ሲል ልብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ዞረች። ታለቅሳለች ስል ትስቃለች፣ ትስቃለች ስል ዕንባዋ ይወርዳል። "ባለፈው ሳምንት ከክፍል ስንወጣ 'ወደ ቤትዎ ሽማግሌ ብልክ ቅር ይልዎታል?' አለኝ። መሬት መሬት እያየሁ 'ቅር አይለኝም' አልኩት። ለማን ብዬ አልጠየቅሁም። ለማን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ለእኔ መሰለኛ! ለአንቺ ልነግርሽ ስል አፈርኩ፣ ነገ እያልኩ፣ ነገ እያልኩ... ይኸው በአርባ ሦስት ዓመቴ ቀሚስ ለብሼ ጠበቅሁ።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። እናቴ አፍቅራለች። ሁለተኛው ያልተቀበለችኝ ምክር ይሄ ነበር።

"ነገ የሎጂክ ሚድ ፈተና አለ" አለች ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች። "አልሄድም። ኮሌጁንም ትቼዋለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ በምን ዓይኔ ላየው ነው?"

አቀፍኳትና አብሬያት አለቀስኩ።

* * *

ሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ገርጂ ሄድኩ። ፈተናው አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ኮሌጁ በር ላይ የምለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ደረስኩ። ገብረየስ እዚያው ቆሟል፣ ወደ ታክሲ መውረጃው እያየ። በእጁ ሁለት እስክሪብቶ ይዟል።

"እርስዎ ግን ትንሽ አያፍሩም?" አልኩት ሰላምታ ሳልሰጠው።

ደነገጠ። "ዕድሜዬ ነው አይደል ያስቆጣችሁ? ሽማግሌዎቹ ነግረውኛል። ግን ዳናይት፣ ሰባት ዓመት እኮ ብዙ አይደለም።"

"ሰባት? ሃያ ሰባት ነው እንጂ!"

"ከማን ጋር?"

"ከእኔ ጋራ ነዋ!"

አፉን ከፍቶ አየኝ። "ካንቺ ጋር ምን አገናኘው?" ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለዋወጠ፣ እስክሪብቶዎቹን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። "ቆይ። እናትሽ የት ናት? ባትፈልገኝ እንኳ ፈተናዋን የምትተው ሰው አይደለችም። አሟት ነው?"

በዚህ ጊዜ ንዴቴ ሲከዳኝ ተሰማኝ። "ጋሽ ገብረየስ፣ ሽማግሌዎቹን ማንን እንዲጠይቁ ነው የላኳቸው?"

"ማንን ይሆናል? ማዕዛን ነዋ!"

"ስሟን ነግረዋቸዋል?"

አንገቱን ደፋ፤ ያ ሁሉ ሰውዬ ድንገት የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ መሰለ። "ስሟን መጥራት አፈርኩ። 'ሩዋንዳ እንግዳ ማረፊያው ቤት ናት፣ አብራኝ የምትማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት' አልኳቸው።"

የአንደኛ ዓመት ተማሪ! ጋሽ ኣክሊሉ ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲባል የሚያውቁት የኔን ዓይነቷን ነው። ቤት ገቡ፣ ትሪ የያዘች ወጣት አዩ፣ አለቀ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። እየሳቅሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ቀሚሱን፣ ብርጭቆውን፣ ኮሌጁን ትቻለሁ ማለቷን። እሱ አልሳቀም። "አለቀሰች?" አለ።

"አልቅሳለች።"

ወደ ፈተናው ክፍል አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም። "ነይ፣ መኪና ጥሪ" አለኝ።

ያን ዕለት ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሩዋንዳ መታጠፊያ ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ገብረየስ በሩን ከፍቶ ወርዶ ሮጠ። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ተከተልኩት።

እናቴን ግቢው ውስጥ አገኘናት። የሦስቱንም ፎቅ አልጋዎች ገፍፋ አንሶላውን ሁሉ ታቅፋለች፣ ከአንሶላው ክምር በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ሲያያት ቆመ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ለምን መጡ?" አለችው። "ልጄን አልሰጥም። ይሂዱና ለሽማግሌዎቹ 'አልሰጥም ብላለች' ይበሏቸው።"

"ልጅሽ አስተማሪዬ ናት" አለ ገብረየስ። "እኔ የጠየቅሁት አጠገቤ የምትቀመጠውን ነው። ሽማግሌዎቹ ተሳሳቱ። ስምሽን ለመጥራት ያፈርኩት እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው። ማዕዛ፣ አንቺን ነው።"

ከዚያ ቀን በፊት "አንቺ" ብሏት አያውቅም። እኔም ሰማሁ፣ እሷም ሰማች። ዘበኛችን እንኳ ሰምቶ ሬዲዮኑን ቀነሰው።

እናቴ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። "ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ 'ዳናይት፣ ድገሚልኝ' የምትለው ምንድን ነው?"

"ቶሎ ከገባኝ እኮ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው!"

አንሶላው ሁሉ ከእቅፏ ተዘረገፈ። ከዚያ ያ በትራስ የመታችኝ ለት የሰማሁት ሳቅ መጣ። እየሳቀች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ገብረየስ ቀስ ብሎ ቀረብ አለና አንደኛውን እስክሪብቶ ዘረጋላት። ከጣቶቿ መሃል አየችው፣ ተቀበለችው፣ እጁን ግን አልለቀቀችም።

"ፈተናው!" ብዬ ጮህኩ። ሌላው ቢቀር እኔ አማካሪ ነኝ። "ግማሽ ሰዓት ያረፈደ አይገባም! ሩጡ!"

የሥራ ሻሿን እንደ ታሠረች ሮጠች። ሁለቱ በበሩ ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ማን ማንን እንደሚጎትት አይለይም። የወደቀውን አንሶላ ስሰበስብ ዕንባዬ ይወርዳል። ደስታ እንደዚህ ያስለቅሳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

* * *

በቀጣዩ እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ፈተናዋን በሰዓቱ ደርሳ መፈተኗን በማግስቱ ለአጎቴ የነገረችው ራሷ እናቴ ነበረች፤ ኮሌጅ መግባቷን፣ ገብረየስንም፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። አጎቴ ቀኑን ሙሉ "የፋብሪካ ሰው፣ ያውም ተከራይ! ሰው ምን ይላል?" ሲል ዋለ።

ጋሽ ኣክሊሉ እንደ ባለፈው ቆሙ፣ ግን ወደ እኔ ለማየት አፍረው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። "ባለፈው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲባል ልጅ ልጅ መስሎን ተሳስተናል። ይቅርታ ይደረግልን። ዛሬ ወይዘሮ ማዕዛን ለገብረየስ ልንለምን ነው የመጣነው።"

አጎቴ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። "ጥያቄያችሁን ሰምተናል። ነገሩ ምክር ይፈልጋል። ዘመድ አለ፣ ወዳጅ አለ፣ ሰውም አለ። እንግዲህ ተማክረን፣ አስበን..."

ይሄንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በዚህ ድምፅ የተቀጠረ ነገር ተመልሶ አይመጣም። በደንቡ ደግሞ የምትጠየቀው ሴት ዝም ነው የምትለው፤ የሚናገርላት ሌላ ሰው ነው። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማለች። አየችኝ። እኔም አየኋት። የምመክራትን ሁሉ መክሬ ጨርሻለሁ።

እጇ ከነጠላዋ ውስጥ ወጣ። መጀመሪያ እስከ ትከሻዋ፣ ከዚያ ከራሷ በላይ። አጎቴ አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ። ጋሽ ኣክሊሉ ግን ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸውና፣ ሳያስቡት በጣታቸው ጠቆሟትና "እሺ፣ አንቺ!" አሏት።

"መልሱን አውቀዋለሁ" አለች እናቴ። "ኣምደሚካኤል፣ አከብርሃለሁ። ሰው ምን ይላል ላልከው፣ በዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ይለኛል። እሱ ግን በክፍሉ ሁሉ ፊት ተነስቶ 'ይህን ያሉት ወይዘሮ ማዕዛ ናቸው' አለ። እኔ የምሰማው ይሄንን ነው። መልሴ እሺ ነው።"

አጎቴ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ አሁንም ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ የቀረውን እጇን አየ። ከዚያ ፂሙ ሥር ፈገግታ አመለጠው። "እጅሽን አውርጂ እንጂ፣ ሰምተናል" አላት።

"ትክክል!" አሉ ጋሽ ኣክሊሉ፣ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸውም ተቀመጡ። እኔም እልልታዬን ለቀቅሁት።